የበግ አንጎል ሚዮሲን የየትኛው ህዋስ ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰበታ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቴ ከጡንቻ ውጭ ባሉ ህዋሳት የሚገኘው ሚዮሲን በአንጎል ውስጥ ስላለው ሥርጭት ነው። በአካባቢያችን ካለ ቄራ ጠዋት የታረዱ በጎችን ጭንቅላት ገዝቼ፣ በመጥረቢያ አስፈልጬ፣ አንጎሉን በሙሉ ፈጨሁት። በሴንትሪፊውጅ ካሽከረከርኩት በኋላ ዝቃጩን ጥዬ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለይ ጄል አስኬድኩ። 200 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አለፍ ብሎ ወፍራም መስመር አየሁ፤ ሚዮሲንን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ ሲፈተን ግን ደካማ ምልክት ብቻ ሰጠኝ። አማካሪዬ ‹ይህ ከደሙ የመጣ ነው› ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሚዮሲን የጡንቻ ፕሮቲን ስለሆነ አንጎል ውስጥ መገኘቱ ራሱ ብክለት ነው› ይለኛል። ሚዮሲን በአንጎል ውስጥ በእርግጥ የት ይገኛል? ያለኝስ ናሙና ይበቃል?»

ምላሽ፦ የጓደኛዎ አባባል ስህተት ነው፤ የአማካሪዎ ጥርጣሬ በከፊል ትክክል ነው፤ በእጅዎ ያለው ናሙና ግን ሙከራው የቱንም ያህል ቢደጋገም «የት ይገኛል» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። በጄሉ ላይ ያዩት ወፍራም መስመርም በአብዛኛው ሚዮሲን አይመስለኝም። ጥናቱ መጣል የለበትም፤ መጥበብ ግን አለበት፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ሚዮሲን በመማሪያ መጻሕፍት ሁልጊዜ ከጡንቻ መኮማተር ጋር ስለሚቀርብ የጡንቻ ብቻ ንብረት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1968 ፑሽኪን፣ በርል እና ባልደረቦቻቸው የጡንቻውን የአክቲንና (ሚዮሲን የሚጎትተው የክር ፕሮቲን) የሚዮሲን ውህድ የሚመስል ፕሮቲን ከአንጎል ለይተው ማውጣታቸውን አሳውቀው ኒውሮስቴኒን ብለው ሰይመውታል። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ሥራዎች ሚዮሲን ህዋሳት ለሁለት ሲከፈሉ፣ ሲንቀሳቀሱ፣ ቅርፃቸውን ሲለውጡና ከጎረቤታቸው ጋር ሲያያዙ ኃይል የሚያመነጭ የህዋሳት የጋራ ሞተር መሆኑ ተረጋግጧል። «ጡንቻ ያልሆነ ሚዮሲን» ሲባል በሰፊው አነጋገር አምስተኛውን፣ ስድስተኛውንና አሥረኛውን የመሳሰሉ ሌሎች የሚዮሲን ምድቦችም ይገባሉ፤ እነዚህም በአንጎል ውስጥ አሉ። የእርስዎ ጥናት ክር ስለሚሠራው ሁለተኛው ምድብ ብቻ ከሆነ ይህንን በርዕሱ ላይ በግልጽ ይጻፉ፤ ካልሆነ ፈታኞችዎ የሚጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሆናል።

የሁለተኛው ምድብ ሞለኪውል ከስድስት ሰንሰለቶች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዳቸው 230 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝኑ ሁለት ከባድ ሰንሰለቶች፣ 20 ኪሎዳልተን የሆኑ ሁለት ተቆጣጣሪ ቀላል ሰንሰለቶች፣ እንዲሁም 17 ኪሎዳልተን የሆኑ ሁለት መሠረታዊ ቀላል ሰንሰለቶች አሉት። ዓይነቱን የሚወስነው ከባዱ ሰንሰለት ነው። በሰው ላይ ኤምዋይኤች 9 የተባለው ዘረመል ሁለት-ኤ የተባለውን፣ ኤምዋይኤች 10 ሁለት-ቢ የተባለውን፣ ኤምዋይኤች 14 ደግሞ ሁለት-ሲ የተባለውን ዓይነት ይሠራል። ሦስቱ በቅደም ተከተላቸው በእጅጉ ቢመሳሰሉም አንዱ የሌላውን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ሁለት-ኤ የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠፋሉ። ሁለት-ቢ የሌላቸው አብዛኞቹ ከመወለዳቸው በፊት፣ የተረፉትም በተወለዱበት ዕለት ይሞታሉ፤ ልባቸው ጉድለት አለበት፣ በአንጎላቸውም ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ሁለት-ሲ የሌላቸው ግን በሕይወት ይኖራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። በአንጎል ሕብረ ህዋስ ውስጥ ከሦስቱ ጎልቶ የሚገኘው ሁለት-ቢ ነው፤ ዋነኛ ባለቤቱም የነርቭ ህዋስ ነው። በነርቭ ህዋሱም ውስጥ ቢሆን እኩል አይሰራጭም። በማደግ ላይ ባለ ነርቭ ጫፍ ላይ አክቲን ወደ ኋላ እንዲፈስ ያደርጋል፤ በዚህም ጫፉ የሚሄድበትን አቅጣጫ ለመወሰን ያግዛል። ፅንሱ እያደገ ሳለ የነርቭ ህዋስ ከተወለደበት ወደሚሰፍርበት ቦታ ሲጓዝ የሚዮሲን መኮማተር ኒውክለሱን ወደፊት ለማሻገር ያስፈልጋል። በጎለመሰ አንጎል ውስጥ ደግሞ ዴንድራይት (የነርቭ ህዋሱ መልእክት ተቀባይ ቅርንጫፍ) ላይ በሚበቅሉት ጥቃቅን ስፓይኖች ውስጥ ይገኛል፤ በዚያም የስፓይኑን ቅርፅ ይጠብቃል። በአይጥ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሥራው ሲታገድ ስፓይኖቹ ቅርፃቸውን እንደሚያጡና በሲናፕሱ (በነርቭ ህዋሳት መገናኛ) የሚደረገው ግንኙነትም እንደሚዛባ አሳይተዋል። ስለዚህ ሚዮሲንን በአንጎል ውስጥ ማግኘት የሚያስገርም አይደለም፤ የሚያስገርመው አለመገኘቱ ነበር።

ከነርቭ ህዋስ ስንወጣ ሥዕሉ ይለወጣል። የደም ሥርን ከውስጥ የሚሸፍኑት ህዋሳት፣ አንጎሉን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን፣ እንዲሁም ከደም ህዋሳት ጋር ዝምድና ያለው ማይክሮግሊያ የሁለት-ኤ ዋና ምንጮች ናቸው። የነርቭ ህዋስ ደጋፊ የሆነው አስትሮሳይት ሁለት-ኤንም ሁለት-ቢንም ይይዛል። ኦሊጎዴንድሮሳይት የተለየ ጠባይ አለው፤ ማይሊን (የነርቭ ክርን የሚጠቀልል ሽፋን) ወደመሥራት ሲሸጋገር የሚዮሲን መጠኑ ይቀንሳል፤ በሙከራ ሚዮሲኑ ሲታገድም በማዕከላዊው ሥርዓተ ነርቭ የማይሊን አሠራር ይፋጠናል። ከአንጎልና ከአከርካሪ ውጭ ባሉት ነርቮች ማይሊን የሚሠራው የሽዋን ህዋስ ግን ሚዮሲኑ ሲታገድ ሥራው ይስተጓጎላል። አንድ ፕሮቲን በሁለት ማይሊን ሠሪዎች ዘንድ ተቃራኒ ውጤት ማሳየቱ ነው «በአንጎል ውስጥ ይህን ያህል ሚዮሲን አለ» የሚለውን ጥቅል አነጋገር ከንቱ የሚያደርገው። አንጎልን በሙሉ ፈጭቶ የሚዮሲኑን ቦታ መፈለግ፣ ከተፈጨ ድልህ ውስጥ የትኛው ቅመም ከየትኛው ማሳ እንደመጣ እንደመጠየቅ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። የነርቭ ህዋስ የሁለት-ቢን ዘረመል ሲያነብ በስፕላይሲንግ (የአርኤንኤ ቁራጮችን መርጦ በመቀጠል) አማካይነት ተጨማሪ ቁራጮችን ያስገባል። ቢ-አንድ የሚባለው ኤቲፒ (የህዋስ የኃይል ምንጭ) ከሚያዝበት ስፍራ አጠገብ 10 አሚኖ አሲዶችን፣ ቢ-ሁለት የሚባለው ደግሞ አክቲን ከሚያዝበት ስፍራ አጠገብ 21 አሚኖ አሲዶችን ይጨምራል። ቢ-ሁለት በተለይ ከኋላ ባለው ንዑስ አንጎል (ሴሬቤለም) በሚገኙት የፐርኪንጄ ህዋሳት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን የሚገለጸውም ከልደት በኋላ ነው። ይህን ቁራጭ ያጡ አይጦች በእነዚሁ ህዋሳት ላይ የዕድገት ጉድለት ታይቶባቸዋል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን 21 አሚኖ አሲድ የሚጨምረው ክብደት ከ2 ኪሎዳልተን ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ይህ ልዩነት በ230 ኪሎዳልተን ሰንሰለት ላይ በጄል አይታይም። ስለዚህ ማንም «ቢ-ሁለትን በዌስተርን ብሎት (በጄል የተለየ ፕሮቲን በአንቲቦዲ በሚፈተንበት ዘዴ) መስመር ለይቼአለሁ» ቢልዎ፣ ለዚያ ቁራጭ ብቻ የተሠራ አንቲቦዲ እንደነበረው ይጠይቁት። በእርስዎ አቅም ይህ የሚታወቀው በአርኤንኤ ምርመራ ብቻ ነው።

ወደ ወፍራሙ መስመር ልመለስ። በአንጎል ውስጥ ፎድሪን የተባለ የስፔክትሪን ዘመድ እጅግ በብዛት ይገኛል፤ ሁለቱ ሰንሰለቶቹ በጄል ላይ 240 እና 235 ኪሎዳልተን አካባቢ ይቆማሉ። የሚዮሲን ከባድ ሰንሰለት ደግሞ በስሌት 230 ቢሆንም በተግባር ብዙ ጊዜ ወደ 200 ጠጋ ብሎ ይታያል። አምስተኛው ምድብ ሚዮሲንም በአንጎል ውስጥ ስለሚበዛ በ190 አካባቢ ይመጣል። የደም ሥር ግድግዳ የሆነው ለስላሳ ጡንቻ የራሱን ሚዮሲን በ200 እና በ204 ይጨምራል። ጥቅጥቅ ባለ ጄል ላይ እነዚህ ሁሉ ተጠጋግተው አንድ ወፍራም መስመር ይመስላሉ። በሰማያዊው ቀለም ደምቆ በአንቲቦዲ ሲፈተን ግን የደከመ መስመር በአብዛኛው ፎድሪን ነው። ከእንግዲህ 6 በመቶ አክሪላማይድ ይጠቀሙ፤ በመስመሩ ቁመት ብቻም ምንም ነገር «ሚዮሲን ነው» ብለው አይጻፉ።

የአንቲቦዲው ምልክት ለምን ደከመ? ምናልባት ሚዮሲኑን ከዝቃጩ ጋር ስለደፉት ነው። ሁለተኛው ምድብ ሚዮሲን ጨው አነስተኛ በሆነበት መፍትሔ ውስጥ ተሰብስቦ ክር ይሠራል፤ በሴንትሪፊውጅም ወደ ታች ይወርዳል። ከእርድ በኋላ በህዋሱ ውስጥ ያለው ኤቲፒ ሲያልቅ ደግሞ አክቲንን አጥብቆ ይይዝና አይለቅም። በሟሟ መልክ ማውጣት ከፈለጉ 0.5 ሞላር ገደማ ጨው፣ ማግኒዥየምና ኤቲፒ ያስፈልጋሉ፤ ካልሲየምን የሚይዝ ኢጂቲኤና የፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይሞች ማገጃም መጨመር አለባቸው፤ ምክንያቱም ካልፔይን የተባለው ኤንዛይም ካልሲየም ሲያገኝ እንዲህ ያሉ ትልልቅ ፕሮቲኖችን ይቆራርጣል። ለእርስዎ ግን ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ። ሴንትሪፊውጁን ይተዉትና ከተለየ የአንጎል ክፍል የተወሰደ ትንሽ ቁራጭ በቀጥታ በፈላ የኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚያሟሟ ሳሙና መሰል ኬሚካል) መፍትሔ ውስጥ ያሟሙ፤ የዲኤንኤውን ልጋግ በቀጭን መርፌ ደጋግመው በመሳብ ይበታትኑት። ፕሮቲኑን ከጄል ወደ ሜምብሬን (ወረቀት መሰል ስስ ገጽ) ማሸጋገሩን ብዙዎች ሌሊቱን ሙሉ ያደርጉታል፤ መብራት በሚቆራረጥበት የከተማ ዳርቻ ግን ጠዋት ተጀምሮ በበረዶ ተከቦ ከሰዓት በፊት ቢያልቅ ይሻላል። ለማነጻጸሪያ የተለመደው ጋፕዲኤች የተባለ ትንሽ ፕሮቲን በ6 በመቶ ጄል ላይ ሮጦ ስለሚያመልጥ በፖንሶ ቀለም የታየውን ጠቅላላ ፕሮቲን ይጠቀሙ።

አማካሪዎ ስለ ደሙ ያነሱት ነጥብ በቁም ነገር መታየት አለበት። በቤተ ሙከራ አይጥ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንጎሉን ከማውጣታቸው በፊት የደም ሥሮቹን በጨው ውኃ ያጥባሉ። በታረደ በግ ይህ አይደረግም፤ ትልቁ ደም ቢፈስም በትንንሾቹ የአንጎል ደም ሥሮች ውስጥ ደም ይቀራል። በደም ውስጥ ያሉት ፕሌትሌቶች ደግሞ ሁለት-ኤን በብዛት ይይዛሉ፤ በቀይ የደም ህዋሳትም ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ከተፈጨ የበግ አንጎል የተገኘ የሁለት-ኤ ምልክት ከደም፣ ከደም ሥር ግድግዳ፣ ከማይክሮግሊያ ወይም ከአስትሮሳይት ሊመጣ ይችላል፤ የተፈጨው አንጎል ራሱ ይህን አይለይም። ሁለት-ቢን ግን ደም አያብራራውም፤ በዚህ ላይ አማካሪዎ ተሳስተዋል።

ያሉዎት አማራጮች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። አንደኛው የአንጎል ክፍሎችን ለያይቶ በዌስተርን ብሎት ማወዳደር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ስለ ክፍሎች ይናገራል፣ ስለ ህዋስ ግን ዝም ይላል። ሁለተኛው አርኤንኤን መመርመር ነው፤ ስፕላይሲንጉን ይለያል፣ ነገር ግን አርኤንኤው ከእርድ በኋላ ሳይበላሽ መያዝ አለበት፤ የአርኤንኤ መኖርም የፕሮቲኑን ቦታ አያሳይም። ሦስተኛው በስስ የተቆረጠ ሕብረ ህዋስን በአንቲቦዲ ማቅለም ነው፤ ጥያቄዎ «የት» ከሆነ ቀጥተኛው መንገድ ይህ ነው።

ምክሬ የማያሻማ ነው፤ ሙሉ አንጎሉን ይተዉና በንዑስ አንጎል ላይ ብቻ፣ ሁለት-ኤን እና ሁለት-ቢን ብቻ፣ በስስ ቁራጭ ማቅለም ያጥኑ፤ ዌስተርን ብሎቱን የአንቲቦዲው ማረጋገጫ ያድርጉት። ንዑስ አንጎልን የመረጥኩት በምክንያት ነው። መሀል ለመሀል ሲከፈል ነጩ ክፍል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ይታያል። በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ ህዋስ የሳሳበት የውጭ ንብርብር አለ፤ በጥቃቅን ህዋሳት የታጨቀው ውስጠኛ ንብርብር ከሥሩ ይገኛል፤ በሁለቱ ድንበር ላይ ትልልቆቹ የፐርኪንጄ ህዋሳት በአንድ ረድፍ ተሰልፈዋል። እነዚህን ለማየት ውድ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። በእጥፋቶቹ መካከል የሚገባው ስስ ሽፋንና የደም ሥሮቹ ደግሞ በዚያው ስላይድ ላይ ሁለት-ኤ በትክክል መቅለሙን ይመሰክሩልዎታል። ሁለት-ቢ በፐርኪንጄ ህዋስ አካልና ዴንድራይት ላይ፣ ሁለት-ኤ በደም ሥርና በሽፋኑ ላይ ጎልቶ ከታየ ጥናትዎ ጥሩ መሠረት ይዟል። ሁለቱም በሁሉም ቦታ እኩል ቡናማ ከሆኑ ግን ያገኙት ግኝት ሳይሆን ያልተገራ አንቲቦዲ ነው።

አሰባሰቡ መለወጥ አለበት። በመጥረቢያ የተፈለጠ ጭንቅላት ውስጥ የአጥንት ስንጥር፣ የተጨፈለቀ ሕብረ ህዋስና የፈሰሰ ደም ይቀላቀላሉ። ከዚህም በላይ በፎርማሊን ሳይጠነክር የተጫነ ወይም የተጎተተ አንጎል ውስጥ የነርቭ ህዋሳት ተኮማትረው ጠቁረው ይታያሉ፤ ይህ በሕብረ ህዋስ ጥናት የታወቀ ሰው ሠራሽ ጉድለት ነው፤ እንዲህ የጠቆረ ህዋስም ማንኛውንም አንቲቦዲ የሚይዝ ይመስላል። ጭንቅላቱ ከመጀመሪያው የአንገት አጥንት ላይ ሲለይ የራስ ቅሉ የኋላ ቀዳዳ ይገለጣል፤ ንዑስ አንጎሉ ከዚያ በላይ ስለሆነ የኋላውን አጥንት ከቀዳዳው ጀምረው በአጥንት መቁረጫ ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ ማውጣት ይችላሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ቁርጥራጮች ከፍለው በ10 በመቶ ገለልተኛ ፎርማሊን ውስጥ ይንከሩት፤ ሙሉውን ከነከሩት ፎርማሊኑ መሀሉ ሳይደርስ ውስጡ ይበላሻል። የእርዱን ሰዓት፣ የተነከረበትን ሰዓትና በጥርሱ የተገመተውን የበጉን ዕድሜ ይመዝግቡ፤ ጠቦትና አሮጌ በግ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ መደባለቅ የለባቸውም። ከዚያው በግ የወገብ ትልቁን የደም ሥርና ጣፊያን ለማነጻጸሪያ ይውሰዱ።

በማቅለሙ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። በቁራጩ ውስጥ የቀሩት ቀይ የደም ህዋሳት የራሳቸው የፐርኦክሳይዴዝ ጠባይ ስላላቸው በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካልታገዱ ያለ አንቲቦዲም ቡናማ ይሆናሉ። በፍየል የተመረተ የመጀመሪያ አንቲቦዲ አይግዙ፤ እርሱን የሚያሳየው ሁለተኛው አንቲቦዲ በሕብረ ህዋሱ ውስጥ ያለውን የበጉን የራሱን አንቲቦዲም ይይዛል፤ በጥንቸል የተመረተ ይሻላል። በመጨረሻም ለሰው ወይም ለአይጥ የተሠራ አንቲቦዲ በበግ ላይ ይሠራል ብሎ መገመት አይቻልም። የሦስቱ ዓይነቶች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በጅራታቸው ጫፍ ስለሆነ በዚያ ክፍል ላይ የተሠራውን ይምረጡ፤ ለሁለት-ኤ ጣፊያን፣ ለሁለት-ቢ ራሱን አንጎሉን ተጠቅመው በዌስተርን ብሎት አንድ ንጹሕ መስመር እስኪያገኙ ድረስ ስላይድ አይቅለሙ። ፎርማሊን የሸፈነውን ለመግለጥ ፒኤቹ 6 በሆነ ሲትሬት ውስጥ ማሞቅ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ስለ ራስዎ ደኅንነት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን በሰፊው ያለ ሲሆን በግንም ይይዛል፤ ቫይረሱ ከሁሉ ይልቅ የሚከማቸው በአንጎል ውስጥ ነው። በሕይወት ሳለ በእንስሳት ሐኪም ያልታየ በግ ጭንቅላት አይግዙ፤ ያለ ጓንት፣ ያለ መነጽርና ያለ ቅድመ መከላከያ ክትባትም እርጥብ አንጎል አይንኩ። ክዳን በሌለው መፍጫ መፍጨት የሚረጨውን ጠብታ ወደ ዓይንና አፍ ስለሚያደርስ ፈጽሞ መቅረት አለበት። የአንጎል ጉድጓድ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካገኙ ያ የአዙሪት ትል ነውና ያንን በግ ከጥናቱ ያስወጡ፤ ቅሪቱን ለውሻ መጣል ዑደቱን ስለሚያስቀጥል ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚያው ሰበታ ስለሚገኝ ናሙና ከመሰብሰብዎ በፊት ስለ አያያዙ ምክር ይጠይቁ።

በጽሑፍዎ ውስጥ ከማስረጃው በላይ አይሂዱ። የስፓይን ራስ ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ሲሆን ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች አይለይም፤ እንግዲህ «በስፓይን ውስጥ አየሁ» ማለት አይችሉም። የቀለም ጥልቀት የፕሮቲን መጠን ስላልሆነ ደማቁን «ብዙ» ብለው በቁጥር አይተርጉሙት። ከባዱ ሰንሰለት መኖሩም እየሠራ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ሞተሩን የሚያስነሳው የተቆጣጣሪው ቀላል ሰንሰለት ፎስፎሪሌሽን (ፎስፌት መታከል) ነው፤ እርሱም ከእርድ በኋላ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ በቄራ ናሙና አይለካም። ሁለት-ሲን እና ቢ-ሁለትን በምክረ ሐሳብዎ ውስጥ ካስገቧቸው አሁኑኑ ያውጡ። ለአማካሪዎ መጀመሪያ የሚያሳዩት የጣፊያ፣ የደም ሥርና የንዑስ አንጎል ናሙናዎች ጎን ለጎን የተሠሩበትን አንድ ሜምብሬን ይሁን፤ በእርሱ ላይ ሁለቱ አንቲቦዲዎች ተለይተው ካልወጡ ለስላይድ የሚሆን ገንዘብ አያውጡ።